ከአንድ ቀጥሎ አሥር የሚለው ራዲዮ

መካነ ሰላም ውስጥ ባለች አንዲት የንባብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ቁልፍ በሩን አልከፈተም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሼ እስከ አራት ሰዓት ደጃፉ ላይ ቆሜ ቁልፉን ገለባበጥኩት። በቀኝ ሞከርኩ፣ በግራ ሞከርኩ፣ ምራቄን ሳይቀር እንትፍ አልኩበት። በመጨረሻ አለቃዬ አቶ ደምሴ ከስብሰባ ሲመለሱ አዩኝና፣ «አስካለ፣ ይሄ እኮ የመጋዘኑ ነው» አሉኝ። የንባብ ቤቱ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ይቅርታ አልጠየቁም፤ እኔም ለመጀመሪያ ቀን ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ። ኮምፒውተር ሲገባ ታይፕራይተሩ ወደ መጋዘን፣ እኔ ወደ ንባብ ቤት ተዛወርን። ማዕረጌ «ጀማሪ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ» የሚል ነበር። ጀማሪ መሆኔስ ልክ ነው፤ መጽሐፍ በመደብ ቁጥር እንደሚደረደር እንኳ ስለማላውቅ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም በቁመታቸው ደረደርኳቸው። አምሮልኝም ነበር።

መደርደሪያው ላይ የነበረው አብዛኛው መጽሐፍ ከውጭ በእርዳታ የመጣ ነው። በረዶ ላይ ስለ መንሸራተት አሥራ ስምንት ቅጂ ነበረን። ስለ ሌላ አገር የግብር ሕግ ደግሞ ሙሉ መደርደሪያ። ተማሪዎቹ የሚፈልጉት የመማሪያ መጽሐፍ ግን ከየዓይነቱ አንድ ሁለት ነው፤ እሱንም ወረፋ ይዘው ያነቡታል። አቶ ደምሴን «እነዚህን ማን ያነባቸዋል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «በነፃ የመጣ ነገር አይነቀፍም» ብለው ዘጉኝ።

የሥራውን ወግ የተማርኩት ለአሥር ቀን ሥልጠና ደሴ ተልኬ ነው። አዲስ መጽሐፍ ሲገባ በመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ የፊት ገጹ ላይ ማኅተም ይመታበታል። ሌባ የፊቱን ገጽ ቢገነጥለው እንዲታወቅ ደግሞ ማንም በማያስበው አንድ የውስጥ ገጽ ላይ ሁለተኛ ማኅተም ይመታል። የእኛ ምስጢራዊ ገጽ ሃያ ሰባት ነበር። ከሃያ ሰባት ገጽ ያነሰ መጽሐፍ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አልነገሩኝም፤ እስከ ጡረታዬም አላወቅኩም።

አዲሱ ሚሊኒየም ከገባ ጥቂት ዓመት በኋላ ሦስት ኮምፒውተር መጣልን። አንዱ ላይ አንቴና ያለው ትንሽ የኢንተርኔት ዕቃ ተሰካ። ዝናብ ሲዘንብ ይቋረጣል፣ ሰማዩ ሲጠራም ይቋረጣል። ዘመኑ የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ሁሉ እንደ አዲስ የሚቀየርበት፣ የቢፒአር ነው፤ አቶ ደምሴም «የሥራ ሂደት መሪ» ተብለዋል። ወንበራቸው ያው ነው።

አንድ ሰኞ ጠሩኝ። «አስካለ፣ ዕቅድ ተይዟል። በሩብ ዓመቱ አምስት መቶ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በነፃ ታወርጃለሽ።»

«ከየት ነው የማወርደው?»

«ከኢንተርኔት ነዋ።»

«ኢንተርኔቱስ የት ነው የሚያስቀምጠው?»

«እሱን አንቺ ነሽ የምታውቂው። ባለሙያዋ አንቺ!»

ባለሙያ መሆኔን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ቁጭ ብዬ «ነፃ መጽሐፍ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። የመጣልኝ ብዛት አስደነገጠኝ። አንዱን ስነካ ሌላ መስኮት ይከፈታል፤ እሱን ስዘጋ ሁለት ይተካሉ። «አውርድ» የሚል ቁልፍ አንድ ገጽ ላይ አምስት ቦታ አለ። የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ለማወቅ ሳምንት ፈጀብኝ። ትልቁና አረንጓዴው ሁልጊዜ ውሸታም ነው፤ እውነተኛው ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው።

በሩብ ዓመቱ መጨረሻ አምስት መቶ አሥራ ሁለት አወረድኩ። አቶ ደምሴ «ከዕቅድ በላይ» ብለው ሪፖርት አደረጉ፤ ተጨበጨበልንም። እኔ ግን አንድ ቀን አንድ በአንድ ብከፍታቸው ዞረብኝ። ብዙዎቹ ሽፋንና አሥር ገጽ ብቻ ናቸው፤ ቀሪውን ግዙ ይላሉ። አንዱ መጽሐፍ በአምስት ስም ተቀምጧል። በምን ቋንቋ እንደተጻፉ የማላውቃቸው አሉ። ጭራሽ መጽሐፍ ሳይሆኑ ቫይረስ የሆኑም ነበሩ፤ አንደኛው ኮምፒውተር በእነሱ ምክንያት ዳግም አልተነሣም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚሉት ይኼ ነው።

ሌላ ጊዜ «ለአንድ ወር በነፃ» የሚል የድምፅ መጻሕፍት ድረ ገጽ አገኘሁ። ስሜን ጠየቀኝ፣ ጻፍኩለት። ከዚያ የካርድ ቁጥር አስገቢ አለኝ። እኛ ከተማ ከሱቅ የሚገዛ ካርድ የሞባይል ካርድ ነው። ገዛሁ፣ ፋቅኩ፣ ቁጥሩን አስገባሁ። አልተቀበለኝም። ካርዱ የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ገዛሁ። ነፃ ከሆነ ካርድ ለምን እንደሚጠይቅ ግን ዛሬም በደንብ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ርካሽ የድምፅ መጽሐፍ ብዬ ሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆችም ጋ ሄጃለሁ። አንዱ ባለ ሱቅ «መጽሐፍ በድምፅ?» አለና ኮምፒውተሩን በረበረ። «መንዙማ አለ፣ መዝሙር አለ፣ ቀልድ አለ። መጽሐፍ ግን እትዬ፣ በእጅ ነው የሚያዘው» አለኝ።

በጊዜ ብዛት የገባኝ ጥቂት ነገር አለ። መጽሐፍ ስታወርዱ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ክፈቱ፤ መጨረሻ ከሌለው መጽሐፍ አይደለም። የባለቤትነት መብቱ ዘመን ያለፈበት የድሮ መጽሐፍ ነፃ ነው። ደራሲው ወይም አሳታሚው ወዶ የለቀቀውም ነፃ ነው። በየሱቁ በፍላሽ የሚዞረው ትናንት የታተመ ልቦለድ ግን የተሰረቀ ነው። ይህን ለአቶ ደምሴ ብነግራቸው «ከሪፖርቱ ልንቀንሰው ነው?» ብለው ተቆጡ። እኔም አፌ አላረፈ፤ «የሌባ ዕቃ ተቀባይ ከምንባል ይቀነስ» አልኩ። አንድ ሳምንት አኮረፉኝ።

ዘይነባ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ታናሽ እህቷ ሐያት እጇን ይዛ አስገባቻት። ዘይነባ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሳ ዓረብ አገር ሄዳ፣ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። የጽዳት ኬሚካል ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ብርሃኗን አጥታ ተመለሰች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች፤ ንግግሯ ቀጥተኛ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። መጽሐፍ በድምፅ ይሰጣሉ ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለች።

«ማን አለ?»

«ስብሰባ ላይ ተነግሯል።»

ለካ አቶ ደምሴ «የድምፅ መጻሕፍት አገልግሎት ተጀምሯል» ብለው አውጀው ኖሯል። እኔ ዘንድ ያለው ሁለት የተፋቀ ካርድ ነው።

«የአሥረኛን ፈተና በግል ልፈተን ተመዝግቤያለሁ» አለች ዘይነባ። «ካለፍኩ መምህራን ኮሌጅ እገባለሁ። ካላለፍኩ ሐያት ትሄዳለች።»

«ወዴት?»

«እሷ ወደነበረችበት» አለች ሐያት።

የቤቱ ነገር እንዲህ ነበር። አባታቸው ሞተዋል። ዘይነባ ትልከው የነበረው ገንዘብ ቆሟል። ሐያት ፓስፖርት አውጥታለች፤ ደላላውም ይመላለሳል። እናታቸው እትዬ ፋጡማ ግን አንዷ ዓይኗን አጥታ ከመጣች ወዲህ ሌላዋን መላክ ስላንገሸገሻቸው፣ «የዘይነባ ውጤት ሳይመጣ ሐያት ከዚህ ንቅንቅ አትልም» ብለዋል። ፈተናው ግንቦት ነው። ይህን የምንነጋገረው በጥቅምት ነበር።

«አብሽሪ፣ እናገኛለን» አልኳት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወሎ ውስጥ አብሽር የማይል ማን አለ? ያልኩት ደግሞ የት እንደማገኝ ሳላውቅ ነው።

ሁለት ወር ፈለግኩ። የመማሪያ መጻሕፍቱን በጽሑፍ፣ በነፃ፣ ሙሉውን አገኘኋቸው። በድምፅ ግን የለም። ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አለ ተባልኩና ጫንኩት። የፈረንጅ ሴት ድምፅ ነው። የአገራችንን ነገሥታት ስም ስትጠራ ዘይነባ ሳቋ መጣ፤ «እትዬ አስካለ፣ ይህችስ ማዳሜን ትመስላለች። ስሜን አንድ ቀን በትክክል ሳትጠራው ነው የተለያየነው» አለችኝ። የአማርኛ ጽሑፍ ስሰጣት ሴትዮዋ ጭራሽ ዝም አለች። የተበላሸ መስሎኝ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ።

ራሴም ለማንበብ ሞከርኩ። በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቼ አንድ ምዕራፍ በስልኬ ቀረጽኩ። ስንሰማው ከእኔ ይልቅ ከመንገዱ ማዶ የቆመ የጭነት መኪና ሞተር ነው የሚሰማው። እንግሊዝኛዬም ቢሆን ለሰው የሚሰጥ አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ከኢንተርኔት አይደለም። ለስብሰባ ደሴ ሄጄ ሳለሁ አቶ ሙሄ ከሚባሉ ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ ጋር ተዋወቅኩ። ጉዳዬን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ሁለት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ስትጠይቂ እኛን መጠየቅ አቃተሽ? እኛ ድሮ የሚያነብልን ሰው እየለመንን በካሴት እናስቀርጽ ነበር። አሁን በፍላሽ ሆኗል። አንዱ ያስቀርጻል፣ ለሌላው ያወርሳል» አሉኝ። እሳቸው ዘንድ ያለውን ገለበጡልኝ፤ የአሥረኛ ክፍል ታሪክ፣ ሥነ ዜጋ፣ ጂኦግራፊ፣ ባዮሎጂ፤ አንድ የማላውቀው መምህር እንግሊዝኛውን እያነበበ በአማርኛ እያብራራ ቀርጾታል። እኔ ያወጣሁት የፍላሹን ዋጋ ብቻ ነው። ከደሴ እስከ መካነ ሰላም በመሐረብ ቋጥሬ ጡቴ ሥር ይዤው መጣሁ።

ዘይነባ ከዓረብ አገር ያመጣችው ሚሞሪ የሚገባበት ትንሽ ራዲዮ ነበራት። የምትጠቀመው ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው፤ ማጫወቻውንና «ቀጣይ» የሚለውን። ፋይሎቹን ኮምፒውተሩ ላይ አየኋቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ በሥርዓት ተደርድረዋል። የሌሎቹ ትምህርቶች ከዘጠኝ አይበልጡም፤ ታሪክ ግን ሠላሳ አንድ ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ከፍቼ ሰማሁ። መምህሩ ቁጥር ሳይጠራ በቀጥታ ወደ ነገሩ ይገባል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ገልብጬ ሰጠኋት። ሐያት ጉልበቴን ልትስም ስትል ከለከልኳት።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ሐያት ብቅ ትላለች። «የዘይነባ ነገር እንዴት ነው?» እላታለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው» ትለኛለች። ከዚህ አልፌ አልጠየቅኩም። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ልይ ብል ውለታዬን ልቆጥር የሄድኩ ይመስልብኛል ብዬ ተሳቀቅኩ። ደግሞ ልጅቷ ጎበዝ መሆኗን አውቃለሁ። በልጅነቷ ሸኽ ዘንድ ቁርአን ቀርታለች፤ የሰማችውን በቃሏ ትይዛለች።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመፈተኛ ወረቀቷን ላደርስላት ቤታቸው ሄድኩ። ዘይነባ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ራዲዮዋን ትሰማለች፤ ከመምህሩ እኩል አብራ ትላለች፤ አንድ ቃል አትስትም። ደስ ብሎኝ ቆሜ ሰማኋት። መምህሩ አንድ ንጉሥ የሞተበትን ጦርነት ጨረሰ። «እስቲ ቀጣዩን ጫኚው» አልኳት። ጫነችው። ያው ንጉሥ ዘውድ ጫነ። እኔ ታሪክ ብዙ አላውቅም፤ ግን ሰው ከሞተ በኋላ እንደማይነግሥ አውቃለሁ።

«ዘይነባ፣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው?»

ራዲዮውን ዘጋችና፣ «እኔም ይገርመኝ ነበር» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ወላሂ፣ እርስዎ ደሴ ድረስ ደክመው ያመጡልኝን ነገር ልክ አይደለም ብዬ በየት አፌ ልናገር? ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ የተማረ ሰው ያነበበው ነው። ያልገባኝ እኔ ነኝ ብዬ፣ እንዳለ በቃሌ ያዝኩት።»

እሷ ላለማስቀየም፣ እኔ ውለታ ላለመቁጠር፣ አራት ወር ሙሉ ዝም ተባባልን።

ራዲዮውን ይዤ ወደ ንባብ ቤት ሮጥኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ሳየው ልክ ነው። ራዲዮው ላይ ስመልሰው ልክ አይደለም። ግማሽ ቀን ሁለቱን ሳጋጭ ዋልኩ፤ አንዱ እንደሚዋሸኝ አውቃለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። በኋላ ገባኝ። ራዲዮው ቁጥር መቁጠር አይችልም። ስሙ በ«1» ቁጥር የሚጀምረውን ሁሉ አንድ ላይ ይሰበስባል። ከአንድ ቀጥሎ አሥር፣ አሥራ አንድ እያለ እስከ አሥራ ዘጠኝ ይሄዳል፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሃያ። መድኃኒቱ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት ፊት አንድ ዜሮ መጻፍ ነው። አምስት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ። አምስት ደቂቃ! ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ፈቃድ ልጠይቅ አቶ ደምሴ ቢሮ ገባሁ። «የድምፅ መጻሕፍት አገልግሎቱ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ከአንድ ቀጥሎ አሥር ይላል።»

ትክ ብለው አዩኝ፣ ምንም አልገባቸውም፣ ፈረሙልኝ።

ሁለት ሳምንት ከዘይነባ ጋር ተቀመጥኩ። ራዲዮው ተስተካከለ፤ እሷ ግን አልተስተካከለችም። «ከዚህ ቀጥሎ ምን ሆነ?» ስላት አፏ ወደ ድሮው ይሮጣል። ታርማለች፣ ተመልሳ ትስታለች። ሌላው የሚረሳ ነው የሚቸገረው፤ ዘይነባን የቸገራት መርሳት አለመቻሏ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ ቀን «ያረቢ፣ ሁለት ታሪክ ሆነብኝ እኮ» ብላ ራዲዮውን ከጭኗ አወረደችው። ሐያት አንሥታ መልሳ ሰጠቻት።

ፈተናውን አንባቢ ተመድቦላት ተፈተነች። ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል። «ጥያቄው ሲነበብልኝ ሁለት መልስ ነው የሚመጣልኝ፤ የቱ የድሮው፣ የቱ የአሁኑ እንደሆነ ተምታታብኝ» አለችኝ። እናቷ «ኸይር ነው ልጄ» አሏት።

ነሐሴ ላይ ውጤቱን በኢንተርኔት ያየሁላት እኔ ነኝ። ሥነ ዜጋው፣ ጂኦግራፊው፣ ባዮሎጂው ጥሩ ነው። ታሪክ ወድቃለች። ታሪክን ሲ ብታመጣ ኖሮ ኮሌጅ ለመግባት ይበቃት ነበር። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንደገና ከፈትኩት። ያው ነው። ከንባብ ቤት እስከ ቤታቸው ያለውን የአሥር ደቂቃ መንገድ አንድ ሰዓት ሄድኩት።

ነገርኳቸው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። እትዬ ፋጡማ «ተይ እንጂ! አላህ ያለው ነው። አንቺማ ስንት ደከምሽ» ብለው ወተት አቀረቡልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐያት በመስከረም ሄደች። የደሴ አውቶቡስ ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ፣ ዘይነባ ከውጭ መስኮቱን በእጇ እየዳሰሰች ትፈልጋታለች። ሐያት ከውስጥ መዳፏን መስታወቱ ላይ አደረገች፤ ዘይነባ ግን የምትዳስሰው ሌላ ቦታ ነው። እጇን ይዤ የእህቷ መዳፍ ያለበት ላይ አስቀመጥኩላት። መኪናው እስኪንቀሳቀስ እዚያው አቆየችው።

በዓመቱ ዘይነባ ደግማ ተፈትና አለፈች። ዛሬ ወረኢሉ በኩል መምህርት ናት። ሐያት ግን አልተመለሰችም። ስትደውል እኔንም አቅርቡልኝ ትላለች። «እንዴት ነሽ?» ስላት «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነኝ» ትለኛለች። አላምናትም። ግን ከስልክ ወዲያ ሄጄ ላያት አልችልም።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ለሰው የድምፅ መጽሐፍ ስትሰጡ በራሱ መሣሪያ ላይ ክፈቱት፤ አብራችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው ሲጀምር ስሙ። ጥሩ ነው ቢላችሁም ስሙ።